የየቡ ሕፃናት ትንፋሽ

በዚያ ክረምት ሥራዬ የሕፃናትን ትንፋሽ መከታተል ነበር። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ካለው ቤቴ በማለዳ ተነሥቼ በአቅራቢያው ወዳለችው የቡ እሄዳለሁ፤ በቡና ማሳው መካከል ካሉት ቤቶች እየገባሁ ገና መራመድ ያልጀመሩ ልጆችን አያለሁ። ጉንፋን የያዘው ካለ፣ ጫፉ ለስላሳ በሆነ ቀጭን ዘንግ ከአፍንጫው ናሙና ወስጄ በበረዶ ሳጥን አስቀምጣለሁ። የትኛው ቫይረስ መቼ መጥቶ ከቤት ወደ ቤት እንደሚዛመት ለማወቅ ነበር።

በክረምት የቡ ጉም ብቻ ናት። ትልልቆቹ ዛፎች ከግማሽ በላይ አይታዩም። ሰው ከመታየቱ በፊት ሳሉ ይሰማል። አንዳንዴ እየሄድኩ ይሁን ቆሜ ጉሙ በአጠገቤ እያለፈ ይሁን አይታወቀኝም ነበር።

ከምጎበኛቸው ቤቶች በአንዱ አንዲት ወጣት እናት ከመጀመሪያ ልጇና ከአማቷ ጋር ትኖር ነበር። አማቷ ዘንጌን አልወደዱትም።

«ልጄ፣ ሕፃኗን ለምን ታስለቅሺያታለሽ?»

«የያዛትን ለማወቅ ነው፣ እማማ።»

«ጉንፋን ነዋ።»

«ጉንፋን ብዙ ዓይነት አለው።»

በኦሮምኛ አንድ ነገር ብለው ሳቁ። «ለዝናቡስ ስም አውጥታለታለች ወይ ነው የሚሉት» አለችኝ ምራታቸው፣ እሷም እየሳቀች።

አንድ ማለዳ ስገባ ሕፃኗ በእናቷ ጭን ላይ ፈዛ ተኝታለች። ዘንጉን ሳስገባ አላለቀሰችም። ያ አስፈራኝ። ልብሷን ገለጥ ሳደርግ፣ በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኖቿ ሥር ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

«ትጠባለች?»

«ከትናንት ጀምሮ ይዛ ትለቀዋለች። ዝም ስትል የተሻላት መስሎኝ ነበር፣ ሲስተር።»

«ጅማ እንሂድ። አሁኑኑ።»

አማቷ የትከሻቸውን ሻርፕ አውልቀው ሕፃኗን ጠቀለሏት።

ሚኒባሱ ውስጥ መስታወቱ ሁሉ በእንፋሎት ተሸፍኗል። ከውጭ የሚታየው አረንጓዴ ጥላ ብቻ ነበር፤ ውኃ ውስጥ የምንጓዝ መሰለኝ። እጄን ከሕፃኗ ደረት ላይ አላነሣሁም።

«ትተነፍሳለች?» ትለኛለች እናቷ በየመታጠፊያው።

«ትተነፍሳለች።»

ሆስፒታል እንደደረስን ኦክስጅን ሰጧት። ሐኪሙ ቫይረስ እንደሚመስለው፣ የሚገድለው መድኃኒት እንደሌለ፣ ሰውነቷ እስኪያሸንፈው ትንፋሿን እንደሚያግዙ ነገረን። እናቷ ወደ እኔ ዞረች።

«መድኃኒት ከሌለው ማወቁ ምን ይጠቅማል?»

«መቼ እንደሚመጣ ከታወቀ ኋላ ለሚወለዱት መጠንቀቅ ይቻላል።»

«እኔ ይህችን ነው የምፈልገው» አለች፣ ያለ ቁጣ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኦክስጅኑ በሚያልፍበት ጠርሙስ ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ ሁለታችንም እሱን ስናዳምጥ ዋልን።

ከቀናት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ከኮሪደሩ ጫፍ ለቅሶ ሰማሁ። እናቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ተናዳለች» አለች ፊቷ በርቶ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ጡት ዘገየብኝ ብላ ነው።»

የናሙናው ውጤት የደረሰው እነሱ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው። ቫይረሱ በዚያ ሰሞን በብዙ ቤት የተገኘው መሆኑንና ትልልቆቹን በቀላል ጉንፋን አልፎ ጨቅላ ሕፃናትን እንደሚያፍን ስነግራቸው፣ አማቷ አደመጡኝ። ጎረቤት አንዲት አራስ ነበረች። ተነሥተው ሊነግሯት ወደዚያ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በየቡ ብቻዬን የሄድኩበት ቀን ጥቂት ነው። አሮጊቷ ይቀድሙኛል፤ በየደጁ ቆመው፣ የሚያስል ሰው ሕፃን እንዳይስም፣ ጡት እምቢ ያለ ሕፃን ካለ ቶሎ እንዲናገሩ በኦሮምኛ ይጣራሉ። እኔም ሳላያቸው፣ ድምፃቸውን ብቻ ይዤ በጉሙ ውስጥ እከተላቸዋለሁ።