ሥልጠናው እስኪያልቅ

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ይመር ሊሰናበተኝ ቆቦ ድረስ መጣ። ከእኔ ሥር ቀዶ ሕክምና የተማረ ልጅ ነው። አሁን ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ የሚወለዱ ሕፃናትን ማከም ጠልቆ ሊማር ለአንድ ዓመት ወደ ህንድ ይሄዳል፤ እኔም በወጣትነቴ እንደሄድኩት። በረንዳ ላይ ተቀምጠን በለስ እየላጥን፣ ምን ይዞ እንደሚሄድ ጠየቀኝ። በርበሬ ያዝ አልኩት። ሌላውን ነገር ግን ከየት እንደምጀምረው ጠፋኝ።

እኔ ስሄድ አባቴ በሕይወት ነበር። የቆቦ ሜዳ ማሽላ ገበሬ ነበር። የምማረውን ስነግረው ግራ ገባው።

«አፍም ይሰፋል እንዴ?» አለኝ።

«ይሰፋል አባ።»

ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «እንዲህ ያሉ ልጆች አይቻለሁ። ከቤት አያወጧቸውም» አለ።

ህንድ ውስጥ አስተማሪዬ ምላጭ ከማስያዙ በፊት በሕፃኑ ከንፈር ላይ መስመሩን በቀለም ደጋግሞ ያስምረኝ ነበር። የፀጉር ያህል ከተሳሳትሽ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ይኖራል ይለኛል። ዓርብ ዓርብ ወንድሜ ሰይድ ሱቅ እደውላለሁ። መጀመሪያ ላይ አባቴን እዚያው አገኘው ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ላገኘው አልቻልኩም። «ማሽላ ጥበቃ ወርዷል» ይለኛል ሰይድ። የማሽላው ጥበቃ ማሽላው ታጭዶ ካለቀ በኋላም ቀጠለ። እኔ ግን ልብ አላልኩም፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ስልኩን እንደዘጋሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ጨርሼ ስመለስ፣ ከወልድያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎብዬ ላይ ሲቆም ሰይድ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል። ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ሻንጣዬን ተቀበለኝና ዓይኔን ሳያይ፣ «እታለም፣ ሻይ ጠጪ» አለኝ።

«ቤት እጠጣለሁ።»

«አይ፣ እዚሁ ጠጪ።»

እሱ ያዘዘውን አልነካውም።

አክስቴ ቤት አሳደሩኝ። ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ሲገቡ መርዶ መሆኑ ገባኝ። አጎቴ አሊ ቃሉን ሳያስረዝም ተናገረ።

«አባትሽ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። ‹ሥልጠናው እስኪያልቅ እንዳትነግሯት› ብሎ ነው የሞተው። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።»

«እሺ» አልኩ።

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እኔ የምታለቅሰዋን የአክስቴን ከንፈር እያየሁ፣ የትኛው ጡንቻ ወዴት እንደሚጎትተው አስብ ነበር። ንፍሮ ሰጡኝ፤ በላሁ። ተኚ አሉኝ፤ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ልጇን በፎጣ ሸፍና በሩ ሥር ተቀመጠች። ሰዉ ሲቀንስ ጠጋ አለች። ፋጡማ ትባላለች፤ ከሮቢት ነው የመጣችው።

«አባትሽ ገበያ ላይ ልጄን አይቶት ነበር» አለችኝ። «ያኔ አራስ ነኝ። ‹አትደብቂው፤ ልጄ ይህንኑ ልትማር ሄዳለች፤ ስትመጣ ነይ› አለኝ። መጣች ሲሉ ሰምቼ ነው። እሱ መሞቱን አላወቅሁም። ሌላ ቀን ልምጣ።»

«ግለጪው» አልኳት።

ከንፈሩ እስከ አፍንጫው ተከፍቷል። ወተት ወተት ይሸታል። ጣቴን አፉ ውስጥ ከትቼ ላንቃውን ዳሰስኩ፤ እሱም ጣቴን ለመጥባት ታገለ። አባቴ ይህን ፊት አይቶ እንደነበር አውቃለሁ። ማወቄን አወቅሁ እንጂ ሌላ የተሰማኝ ነገር አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሆስፒታል አስገብቼ ከንፈሩን ሰፋሁት፤ ላንቃውን ደግሞ ከወራት በኋላ። ልጇን ሳስታቅፋት ፋጡማ አፍጥጣ አየችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተንሰቀሰቀች። «ምነው አባትሽ ባየው!» አለች። እኔ ስፌቱን እንዴት እንደምታጸዳው አስረዳኋት። እንባዬ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ዓመታትም ጠበቅሁ።

ይህን ሁሉ ለይመር ነገርኩት። «ለቤተሰቦችህ ንገራቸው» አልኩት። «የሆነ ነገር ቢኖር ያን ዕለት ይንገሩህ።»

የያዘውን በለስ አስቀመጠ። «ወልድያ ያለችው እናቴ የልብ ታማሚ ናት» አለኝ። «ምንም ብትሆን ሳልጨርስ እንዳይነግሩኝ ወንድሜን አስምዬዋለሁ።»

ልቆጣው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ሁሉን ጥዬ እመጣ ነበር፤ ከመጣሁ በኋላ ተመልሼ እሄድ እንደነበር ግን ዛሬም አላውቅም። በእጄ ያለፉትን ልጆች ሳስብ አባቴን አመሰግነዋለሁ። እሱን ብቻ ሳስብ ደግሞ የማስበው ነገር ይጠፋኛል።

ባጃጅ ድረስ ሸኘሁት። ወልድያ ጓደኞቹ እራት እየጠበቁት እንደሆነ ነገረኝ።

«ተዋቸው» አልኩት። «እናትህ ዘንድ እደር።»