ቻርቱ ላይ ያጣኋት ጳጉሜን

ካዛንቺስ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ የእናቶች ክሊኒክ መዝጋቢ ነኝ። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ፈቃድ ወስጄ ጠበል እጠመቃለሁ። አምና በእኔ ቦታ የመዘገበችልኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ሙስሊም ባልደረባዬ ናት። የኮንትራት ሠራተኛ ናት።

መስቀል አልፎ ስንመለስ የኮምፒውተሮቹ ፕሮግራም ታድሶ ጠበቀን። የአምናውን ፋይል ስከፍት ከላይ ቀይ ማስታወቂያ ወጣ፤ እንደ ልማዴ ሳላነበው ዘጋሁት። ቻርቱ በየወሩ ለክትትል የመጡትን እናቶች በአምድ ያሳያል። አሥራ ሁለት አምድ ብቻ ነበረው። ጳጉሜን የለችም።

ዓይኔ ወደ እሷ ሄደ።

"ጳጉሜን ብዙ ሰው መጣ እንዴ?" አልኳት።

"አንቺ በጠበል ስትጠመቂ እኔ እዚህ በሰው ስጠመቅ ነበር! ከቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከጎተራ ያልመጣ የለም። ምነው?"

"እንዲያው ነው።"

ሳቋ አልጣመኝም። ሳትመዘግብ ቀርታ ይሆን? ወይስ እኔን ለማስነቀፍ አጥፍታው? ሻይ ስትጋብዘኝ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው ብዬ መለስኳት።

የዚያን ዕለት ሥራ አስኪያጁ የእሷ ውል ይታደስ እንደሆነ በጽሑፍ አስተያየቴን ጠይቆኝ ነበር። አንድ መስመር ጻፍኩ፦ የተሰጣትን ሥራ አታጠናቅቅም። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ሰጠሁት።

ስመለስ ኮምፒውተሬ ፊት ቆማለች።

"ቻርትሽ ጳጉሜን የለውም'ኮ።"

ሳልነግራት እንዴት አወቀች?

ፋይሉን ዘግታ ከፈተችው። ቀዩ ማስታወቂያ ተመልሶ ወጣ።

"ይሄን አንብበሽዋል?"

"ምን ይላል?"

"ማክሮው ታግዷል ይላል! እናቴ፣ ስትጾሚ ማንበብም ትተያለሽ?"

ፕሮግራሙ የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ነው። ጳጉሜንን ከተደበቀ ገጽ አምጥቶ አሥራ ሦስተኛ የሚያደርጋት ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ትእዛዝ፣ ማክሮው፣ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም ፋይሉ በኢሜይል የመጣ ነው ብሎ አግዶታል። እገዳውን አንስታ እንደገና ከፈተችው። አጭሯ አምድ ብቅ አለች። የተደበቀውን ገጽ አየሁት፤ ስም፣ ካርድ ቁጥር፣ ሰዓት፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን አንድም አልጎደለም።

ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ።

"ወረቀቱን ይመልሱልኝ፤ ተሳስቻለሁ።"

"ከግማሽ ሰዓት በፊት አታጠናቅቅም፣ አሁን ደግሞ ታጠናቅቃለች። የትኛውን ልመን?"

"እኔን አይመኑ። ወርደው ይዩት።"

ወረደ። እሷ ስታየው ደንግጣ ተነሳች።

"ስህተት አለው?"

"የለውም" አልኩ ቀድሜው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ውሏ ታደሰ። ወረቀቱ ግን አልተመለሰልኝም። አንድ ቀን ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ፈርቼ የጻፍኩትን ራሴው ነገርኳት። ኮምፒውተሯን እያጠፋች፦

"ለዘንድሮ ጳጉሜን ሌላ ሰው ፈልጊ" አለችኝ።

ትቀልድ እንደሆነ ቀና ብዬ ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም።