ስድስቱ አቮካዶዎች

የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በአቮካዶ ላይ ነው። ከሣጥን ሥር የከረመ አቮካዶ ላዩን ደህና መስሎ ሲቆረጥ ለምን ጠቁሮ ይገኛል? ይህን ለማየት ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለ አንድ የምርመራ ማዕከል፣ እሁድ እሁድ ሕመምተኛ ሲያልቅ፣ ሲቲ ስካኑን ይፈቅድልኝ ነበር። የሣጥኑን ክብደት ለመተካት አቮካዶዎቹ ላይ የምጭንባቸው ውሃ የሞላ ጀሪካን ነው፤ ብረት ምስሉን ያበላሻል። ባለሙያው «ዛሬስ ምናቸውን አመማቸው?» እያለ ይቀልድብኛል። በሳምንት ውስጥ ከሰው ጋር የምስቀው እዚያ ብቻ ነበር።

ጥሬ ሳሉ የገዛኋቸውን ስድስት አቮካዶዎች ቁጥር ጽፌባቸው፣ ቀራንዮ በተከራየሁት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ሁለት እሁድ በስካኑ ተነሡ፤ በምስሉ ላይ የተጫኑበት ቦታ ከልጣጩ ሥር ጠቆር ያለ ጥላ አወጣ። የመጨረሻው እሁድ ብቻ ቀረ።

አከራዬ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። አመሻሽ ላይ በሬን ቆርቆር አድርገው «አለህ?» ይላሉ። «አለሁ» እላለሁ፣ ሳልከፍት። እውነቱን ለመናገር ይሰለቸኝ ነበር።

ቅዳሜ ስመለስ በሬ ክፍት ነው፣ ወለሉ ተወልውሏል፣ ጠረጴዛው ባዶ። እማማ በትርፉ ቁልፍ ገብተው፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የአቮካዶ ጁስ ይዘው ቆመዋል። ሎሚ ሁሉ ጨምቀውበታል። ደሜ ፈላ።

«ማን ንኩ አለዎት? ሁለተኛ ክፍሌን እንዳይረግጡ!»

«ጠቁሮ ሊበላሽብህ ነው ብዬ ነው ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ብቻህን ነህ፣ ማን ይሠራልሃል ብዬ።»

ብርጭቆውን አስቀምጠው ወጡ። ጁሱን ደፋሁት።

ሰኞ አማካሪዬ የሁለቱ ዙር ምስል ይበቃል አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ጩኸት! አፈርኩ።

እማማን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ምን አጠፋህና ብለው ወንበር አቀረቡልኝ፤ ስለ ውሃው መጥፋት ስናወራ አመሸን። ታረቅን ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

በማግስቱ ግን በሬ አልተንኳኳም። በሳምንቱም አልተንኳኳም። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ እንደ ድሮው እንደምን አደርክ ልጄ ይሉኛል፣ ያልፋሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ግን ወጊው ሆኜም አልረሳሁም።

ከተመረቅኩ በኋላም እዚያው ነኝ። አመሻሽ ላይ ኮቴያቸው ወደ በሬ ሲቀርብ ሆን ብዬ እስላለሁ፣ መኖሬን እንዲያውቁ። ኮቴው ቆም ሳይል ያልፋል።