ለመነኮሳቱ የተያዘ ዳቦ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት የደን ባለሙያ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ በደብራችን ደን ውስጥ ሲዘዋወር ሰነበተ። ዛፉን፣ ወፉን፣ ድኩላውን በየስሙ ጠየቀኝ። ጉሬዛዎቹ ጋ ሲደርስ፣ «እማማ፣ እነዚህ ምን ይበላሉ?» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። የጣሊያን ጊዜ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። አርበኛው ወንድሜ እግሩን ተመቶ እዚሁ ደን ጥሻ ውስጥ ተደብቋል። ዛፍ መቁረጥም አውሬ መግደልም ግዝት ስለሆነ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ሰው አልነበረም። ስንቅ የማደርስለት እኔ ነበርኩ።

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ መንገዱ ግን ገና ጭቃውን አልጨረሰም። በኮባ የተጋገረ ዳቦ በነጠላዬ ሸፍኜ ስሄድ፣ ደኑ አፋፍ ላይ አንድ የጣሊያን ሹም ከነወታደሮቹ አገኘኝ።

«ዳቦው ለማን ነው?» አለ አስተርጓሚው።

«ለመነኮሳቱ።»

እኛ ጉሬዛን መነኩሴ እንለዋለን፤ ነጭ ካባውን ደርቦ ዛፍ ጫፍ ላይ ጸጥ ብሎ ስለሚቀመጥ። ከአፌ የመጣልኝ እሱ ነበር። አስተርጓሚው ግን የሌላ አገር ሰው ነው፤ ጣሊያን ደግሞ መነኩሴን የአርበኛ መካሪ ነው እያለ ያሳድድ ነበር። ወታደሮቹ ጠመንጃ አቀባበሉ። ምላሴን በቆረጠው አልኩ በልቤ።

«ምሪን!»

ወንድሜ ካለበት በተቃራኒው መራኋቸው። ትልቁ ዝግባ ሥር ቆሜ ወደ ላይ ጠቆምኩ።

«መነኮሳቱ እነዚያውና ጌታዬ፤ ላበላቸው ስለት አለብኝ።»

ጉሬዛዎቹ አጓሩ። ሹሙ ነገሩ ሲገባው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አስተርጓሚው አንገቱን ደፋ። እኔም ዳቦውን ዛፉ ሥር አስቀመጥኩ። ጉሬዛ ከቅጠል በቀር ዳቦ እንደማይቀምስ አንዳቸውም አላወቁም።

ሊሄዱ ሲሉ ሹሙ ተኮሰ። አንዱ ጉሬዛ ከነካባው ወደቀ፤ ቆዳውን ገፈው ወሰዱት። ወንድሜ የተገደልኩ መስሎት እየተሳበ ሲመጣ እነሱ ቁልቁለቱን ወርደው ነበር። እያለቀስኩ ዳቦውን አንስቼ ሰጠሁት።

«ቅጠል ነው የሚበሉት፣ ልጄ» አልኩት ባለሙያውን።

«ቅጠል ብቻ?»

«ቅጠል ብቻ።»

ወንድሜ ልጆቹን ድሮ፣ ሸምግሎ ነው የሞተ። እኔም በዚያ ዝግባ ሥር ሳልፍ እስከ ዛሬ ቀና ብዬ እጅ እነሳለሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።