ሁለተኛዋ ጉርሻ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ለንደን፣ ዌምብሊ ሠርግ ተጠርቼ ሳለ፣ ወጣቱ ፎቶ አንሺ እኛ ሽማግሌዎች ወደተቀመጥንበት ጠረጴዛ መጣና "ጋሼ፣ ካሜራውን ሉክ ያድርጉልኝ! ስማይል!" አለኝ። ወዲያው ሁላችንም ደረታችንን ነፍተን፣ ከንፈራችንን ገጥመን፣ ለመታወቂያ እንደሚነሣ ሰው ደረቅን። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ ጃፓን ያገኘኋቸው እማማ ሃሩ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ደመ ሞቃት ወጣት ነበርኩ። ኬኒንግተን ከጓደኛዬ ጋር አንዲት ክፍል ተጋርቼ እኖራለሁ፤ ቀን ቀን አንድ መጽሔት ቤት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሰው ፊልም አጥባለሁ። አብዛኞቹን እኔ ባነሣቸው ይሻሉ ነበር፤ ይህንኑ ለአዘጋጁ ሳልደብቅ ነገርኩት። ሰውዬው ደፋር ይወዳል መሰለኝ፣ የጃፓን ገበሬዎችን ኑሮ እንዳነሣ ላከኝ።

"ካሜራ መኖሩን የረሳ አንድ ፊት አምጣልኝ" አለኝ። "ካጣህ ወደ ጨለማ ክፍልህ ትመለሳለህ።"

የሩዝ አጨዳ ወቅት ነበር። ወደ መንደሩ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ግራ ቀኙ ቢጫ ነው፤ በየቤቱ ክፈፍ ሥር የተላጠ ብርቱካናማ ፍሬ በክር ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ያረፍኩት እማማ ሃሩ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ነበር። ሲያጭዱ ፊታቸው ላይ የማይነበብ ነገር የለም። ካሜራዬን ሳነሣ ግን ማጭዱን ያስቀምጡና፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ቀጥ ይላሉ። ዛፍ ጀርባ ብደበቅም ያገኙኛል። እንዲህ ስንደባበቅ የመጨረሻው ቀን ደረሰ።

እኩለ ቀን ላይ ማሳው ዳር ምሳ ቀረበ፤ በእጅ የተድበለበለ አዲስ ሩዝና በከሰል የተጠበሰ ጨው የበዛበት ዓሣ። ቢርበኝም ትልቅ ሰው ሳይቀምስ እንዴት እጀምራለሁ? ሳላስበው ከሩዙ ቆርሼ፣ ዓሣ ጨምሬ፣ ወደ እማማ ሃሩ አፍ ዘረጋሁ።

እንግሊዝኛ የምትችለው ምራታቸው ደነገጠች። "ኧረ እዚህ እንዲህ አይደረግም!"

"እኛ አገር ለወደዱት ሰው እንዲህ ነው የሚደረገው። ንገሪያቸው" አልኳት።

ነገረቻቸው። እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ጎረሱ። በሙሉ አፋቸው ሳቁ! ወዲያው በተራቸው ለእኔ ጠቀለሉ።

ካሜራዬ ጉልበቴ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ባሕር የተሻገርኩት ለዚህ ፊት ነው። ካነሣሁት ግን ቀጥ ሊሉብኝ ነው፤ ደግሞስ የተዘረጋ ጉርሻ ይመለሳል? ካሜራዬን እዚያው ትቼ ጎረስኩ።

ገና እያላመጥኩ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ምራቲቱን "እኛ ዘንድ በአንድ አይቆምም፣ ሁለተኛ አለ በያቸው" አልኳት። እማማ ሃሩ ከፊተኛዋ የምትበልጥ ሠርተው መጡ። አፌን በሰፊው ከፍቼ፣ ካሜራውን በግራ እጄ አገጬ ሥር ይዤ ተጫንኩት። እሳቸው የተጨነቁት ሩዙ እንዳይፈስብኝ ብቻ ነበር።

ወደ ጨለማ ክፍሉ የተመለስኩት ያችን ፊልም ላጥብ ብቻ ነው። ፎቶዋ ዛሬ ባተርሲ፣ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅላለች። ብዙ አገር ዞሬ ብዙ ሰው አንሥቻለሁ፤ ከእሷ የምትበልጥ ግን የለችኝም። እንግዳ ሁሉ ስለ ብርሃኑና ስለ ሌንሱ ይጠይቀኛል። እኔ የማየው የእንግዳውን አፍ ነው፤ ፊት ለፊቷ የቆመ ሰው ሳይታወቀው ከንፈሩን ከፈት ያደርጋል።