ዘነቡ የተቀበረችበት ስም

ባለፈው ወር ጎረቤታችን ሲቀበሩ ቄሱ ፍትሐቱን ከመጀመራቸው በፊት ወደ ልጆቻቸው ዞር ብለው «የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዳቸውም አያውቁትም። የእኔ እጅ ደግሞ ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄዶ ማተቤን ጨበጠ። ያቺን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር የዐሥር ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ ቆቦ ነኝ፤ ዘነቡም በአቡጀዲ ተጠቅልላ ከፊቴ ተጋድማለች።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ነበር። የራያ ሜዳ ማሽላ በደህናው ጊዜ ግመል ቢገባበት የሚሰውር ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ጉልበት ሳይደርስ ደርቆ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንኮሻኮሽ ነበር። ከደጋ የወረደው ሕዝብ አስፋልቱን ይዞ መጥቶ ከከተማችን ዳር መጠለያ ውስጥ ሰፈረ። የፋፋው ገንፎና የሚነሰነሰው ኖራ ተቀላቅለው የሚሸቱት ሽታ እስካሁን ካፍንጫዬ አልወጣም። ጠዋት ትምህርት ቤት ውስጥ መምህራችን እግዚአብሔር የለም ይሉናል፤ ከሰዓት እናቴ «የእግዜር እንግዶች ናቸው» ብላ ውሃ አሸክማ ወደ መጠለያው ትልከኛለች። እኔም ጠዋት የለም፣ ከሰዓት አለ እያልኩ ሁለቱንም ሳላስቀይም እኖር ነበር።

ዘነቡን ያገኘኋት ውሃ ሳድል ነው። እኩያዬ ናት። እናቷም ወንድሟም መንገድ ላይ ቀርተውባት ብቻዋን ነው የደረሰችው። «ዘነቡ ተብለሽ ዝናቡ የታለ?» ብዬ ባበሽቃት «እሱን እግዜርን ጠይቂው፤ እኔ ምን አውቄ!» አለችኝና ወዲያው ወደድኳት። ቅልቦሽ የሚያሸንፋት አልነበረም። እጇ እንጨት ብቻ ሆኖ እንኳ ጠጠሯን ወደ ላይ ስትሰድ አንዲት አትስትም፤ እኔ በልቼ ያደርኩት ሁልጊዜ እሸነፋለሁ።

አንድ ቀን ተራዬ ደርሶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ላሸንፋት ጥቂት ሲቀረኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ የክርስትና ስሟን ነገረችኝ። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል እየተባልን ነው ያደግነው። እናቷ መንገድ ላይ ልትሞት ስትል ይህንኑ ስም ደጋግማ አስጠንታት ነበር። «ድንገት አንድ ነገር ከሆንኩ ለቄሱ ንገሪልኝ። እዚህ ሌላ የሚያውቀኝ የለም» አለችኝ። እኔ ዐይኔ ጠጠሩ ላይ ነበር። «እሺ፣ እሺ» አልኳት፤ ቀለብኩና አሸነፍኩ። እንዴት እንደጨፈርኩ ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ይዤ ስደርስ ከሬሳዎቹ መሃል አገኘኋት። ቄስ ወልዴና የሰፈራችን ሽማግሌ አባ ሁሴን እንደ ወትሯቸው አብረው እየዞሩ አንገት ያያሉ። ማተብ ያለው ወደ ቄሱ ይሄዳል፤ የሌለውን አባ ሁሴን «ይሄ የኛ ነው» እያሉ ይረከባሉ። የመጠለያው መዝጋቢ ከኋላቸው እየተከተለ ቁጥር ብቻ ይጽፋል። ዘነቡ ጋ ሲደርሱ ቄስ ወልዴ የጠቆረች ማተቧን አይተው «ይህችን ልጅ የሚያውቅ አለ? የክርስትና ስሟን የሚነግረኝ?» አሉ።

ሰው ገፍቼ ገባሁ። «እኔ አውቃለሁ አባቴ! እኔ ነኝ የማውቀው!»

አፌን ስከፍት ግን ስሙ የለም። ወለተ ከሚለው በቀር ምንም አልመጣልኝ አለ። ወለተ ማን? ቄሱ ጎንበስ ብለው ይጠብቁኛል፤ መዝጋቢው «ቶሎ በሉ እንጂ!» ይላል። አላውቅም ለማለት አፈርኩ፤ ያለ ስም ትቅር ማለትም አልቻልኩም። የራሴን የክርስትና ስም ነገርኳቸው።

ቄስ ወልዴ ያቺን ነፍስ በእኔ ስም እየጠሩ ሲፈቱ ቆሜ ሰማሁ። በዚያ የቆላ ፀሐይ ማልቀስ ጀመርኩ። አባ ሁሴን ዶማቸውን ጥለው መጥተው ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። «አብሽሪ ልጄ። አላህ ባሪያው አይጠፋበትም» አሉኝ። ለጓደኛዬ የማለቅስ መስሏቸው ነበር።

ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ዐመድ መሰለ። «በቁምሽ ፍትሐት አስደርገሽ መጣሽ?» ብላ እጄን ይዛ ቄስ ወልዴ ቤት ወሰደችኝ። እሳቸው አልተቆጡም። «ልጄ፣ ስትጠመቅ በሜሮን ታትማለች። ማኅተሙን ያደረገ ጌታ የራሱን ያውቃል፤ የረሳነው እኛ ነን። አንቺ በጸሎትሽ አስቢያት» አሉኝ። እናቴ እፎይ አለች። እኔ አላልኩም። እግዚአብሔር እንደሚያውቃት ያኔም አምኛለሁ፣ ዛሬም አምናለሁ። እሷ አደራ ያለችው ግን እኔን ነበር።

ያ ለእሷ የሰጠሁት ስሜ ዛሬም አለ፣ ይጠራል። የነፍስ አባቴ በእሱ ሲጠሩኝ ሳላስበው ወደ ኋላዬ እዞራለሁ፤ ከእኔ ቀድማ አቤት የምትል ይመስለኛል። መጠለያው በነበረበት በኩል ዛሬ ባጃጅ ይርመሰመሳል። የዛሬ ልጆች መታወቂያ አላቸው፣ ፎቶ አላቸው፣ ስልካቸው ውስጥ ስማቸው ሞልቷል፤ የእናት አባታቸውን የክርስትና ስም ሲጠየቁ ግን እንደ ጎረቤታችን ልጆች ይተያያሉ። በእነሱ ልፈርድ አልችልም። እኔ ተነግሮኝ ነው የጠፋብኝ።

ከቀብሩ ስንመለስ ልጄን አስቀምጬ ስሜን አስጠናኋት፤ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። «ቀኔ ደርሶ ቄሱ ሲጠይቁሽ ሁለት ጊዜ ይጥሩት በያቸው» አልኳት።

«ሁለተኛው የማን ነው ቢሉኝስ?»

«የእናቴ ጓደኛ፣ የዘነቡ ነው፤ አብረው ነው የሚሄዱት በያቸው።»