ስህተት የጠፋበት ሐሙስ

ያን ማክሰኞ ጠዋት ጪጩ ላይ ከባጃጅ ስወርድ በአፌ የያዝኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር... «ጋሽ ጂግሶ፣ ሦስት ቀን ብቻ ይበቃኛል!»

ችግሩ፣ ይህንኑ ስናገር ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ዲላ ውስጥ፣ ከአንድ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ሆነን ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። አለቃችን ታሪኩ ነው። የእኔ ሥራ የተሠራውን መፈተሽ፣ ስህተት ካለው ማግኘት። ከዲላ ወጣ ብሎ ጪጩ ያለ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር፣ የትኛው ገበሬ በየትኛው ቀን ስንት ኪሎ እሸት ቡና እንዳስረከበ የሚመዘግብ ፕሮግራም አዞን ነበር። የማኅበሩ ቡና ማጠቢያ ሥራ የሚጀምረው በመጪው ሰኞ ነው። ታሪኩ «ለሰኞ ይደርሳል» ብሎ ቃል ገብቷል። እኔ ደግሞ መቼ ፈትሼ እንደምጨርስ በተጠየቅኩ ቁጥር ሦስት ቀን እላለሁ። ለምን ሦስት? እኔ እንጃ... አራት ይበዛል፣ ሁለት ደግሞ ውሸት ይመስላል።

ጋሽ ጂግሶ የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። አማርኛ የለመዱት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ስለሆነ አንተና አንቺን አይለዩም፤ ሴት ብሆንም ለእሳቸው ሁልጊዜ «አንተ» ነኝ። ያን ቀን «ሦስት ቀን» ስላቸው አልተቆጡም። ዝም ብለው እጄን ይዘው መጋዘን አስገቡኝ።

እዚያ የቡናውን ጥራት የሚያዩት እትዬ ዘነበች ቁጭ ብለዋል። ካለፈው ዓመት ከተረፈው ቡና፣ ከየጆንያው አንዳንድ እፍኝ እያወጡ ጠረጴዛ ላይ ይበትናሉ። የጠቆረውን፣ የተበሳውን ለይተው ይቆጥራሉ። ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

«አየህ? ዘነበች ጆንያውን ሁሉ አይለቅምም። ግን ጠይቀው... መጥፎው ስንት እንደሆነ ይነግርሃል» አሉኝ ጋሽ ጂግሶ። «ያንተ ፕሮግራም ስንት መጥፎ ፍሬ አለው?»

«እ... ብዙም የለውም።»

«ትናንት ስንት አገኘህ?»

የጻፍኩት ነገር ካለ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ።

«ከትናንት ወዲያስ?»

እኔ ስህተት ሳገኝ ለታሪኩ ደውዬ እነግረዋለሁ፣ እሱ ያስተካክላል፣ እኔ እረሳዋለሁ። ስንቱን እንዳየሁ፣ ስንቱ እንደቀረኝ ራሴም አላውቅም። ፊቴ በሀፍረት ጋለ። ስንት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ...

እትዬ ዘነበች ግን ሳቅ አሉና ከደብተራቸው መሃል ወረቀት ገንጥለው ሰጡኝ። «ነይ እዚህ አጠገቤ። መጀመሪያ መታየት ያለበትን በሙሉ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ገበሬ መመዝገብ፣ ኪሎ ማስገባት፣ የተሳሳተ ማረም፣ ደረሰኝ ማተም... ስጨርስ ሰባ ሆነ። ሰባ! በሦስት ቀን!

በዚያው ዕለት ማኅበሩ ግቢ ቁጭ ብዬ ስምንቱን ፈተሽኩ፤ አሥራ አንድ ስህተት ወጣ። ረቡዕ ዘጠኝ ፈትሼ አሥራ አራት። ከእነዚህ አንዱማ ለጉድ ነው... ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሲመጡ ፕሮግራሙ ሁለተኛውን «ተመዝግበሃል» ብሎ ይመልሰዋል። ያገኙት እትዬ ዘነበች ናቸው። «እስቲ የእኔን ጎረቤቶች አስገቢ» ብለውኝ። በአንድ መንደር ሦስት በየነ ሮባ አሉ!

ሐሙስ ሲመሽ ወረቀቴን አየሁ። ስህተት... ዜሮ።

እየሮጥኩ መጋዘን ገባሁ። «ጋሽ ጂግሶ፣ ጸዳ! ዛሬ አንድም ስህተት አልተገኘም!»

ደስ ብሏቸው ሊጨብጡኝ እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ዘነበች ግን ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ዛሬ ስንቱን አየሽ?»

«...አንዱን።»

«ምነው?»

«መብራት ጠፍቶ ዋለ።»

አቤት ሳቅ! ጋሽ ጂግሶ የዘረጉትን እጅ ሆዳቸው ላይ አድርገው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጆንያው ሳይፈታ መጥፎ ፍሬ ከየት ይምጣ!» እኔም ዕንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ሳቁ ሲበርድ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ገና ያላየሁት ሃምሳ ሁለት ነው። መብራት ባለበት ቀን ስምንት ያህል እፈትሻለሁ... ስለዚህ ሰባት ቀን። የተስተካከለውን መልሶ ለማየት ሁለት ቀን። መብራት ለሚጠፋበት አንድ። አሥር የሥራ ቀን።

እየፈራሁ ለታሪኩ ደወልኩ።

«አሥር? አብደሻል እንዴ! ሰኞ ብለናቸዋል እኮ! ሥራውን ይነጥቁናል!» ጩኸቱ መጋዘኑን ሞላው።

ጋሽ ጂግሶ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። ያበቃልን መሰለኝ።

«ታሪኩ... ሦስት ቀን ሲለኝ እኔ እንቅልፍ አልነበረኝም። ዛሬ ቆጥሮ ነገረኝ። እስከዚያ በወረቀት እንጽፋለን። አንተም አትጩህበት!»

ስልኩን መለሱልኝ። ታሪኩ በቀስታ «እሺ በቃ... አሥር» አለ።

እውነቱን ለመናገር ያለቀው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። መብራቱ ከገመትኩት አንድ ቀን አብልጦ ጠፋ። ግን ከሁለት ቀን በፊት አስቀድሜ ስለነገርኳቸው ማንም አልተከፋም። እኔም ከሥራዬ ሳልደበቅ የሠራሁባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነበሩ... ቀለል አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ማጠቢያው በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። ፊት የቆሙት አንዲት እናት ቀይ ቡና የሞላ ቅርጫት ይዘዋል። ተመዘነ፣ ስማቸውን ጻፍኩ፣ ኪሎውን አስገባሁ፣ ተጫንኩት። ፕሪንተሩ ጭርር ጭርር ብሎ ወረቀቷን ተፋት። ስማቸውም ኪሎውም ልክ!

እትዬ ዘነበች ከወንበራቸው ተነስተው እልል አሉ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች በሙሉ ተቀበሏቸው።

ፕሪንተር እንደ ሙሽራ እልል ሲባልለት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።